መንገዱ በውርስ፣ ድልድዩ በሙግት

ጁላይ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ከዋሽንግተን ከተማ ከፍ ብሎ በሚገኘው የፖቶማክ ወንዝ ዳር አካፋ ይዘው ቆመው ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቺሳፒክና ኦሃዮ የጀልባ ቦይ ቁፋሮ የሚጀመርበት ቀን ነው። አካፋው የዛፍ ሥር ላይ አርፎ ነጠረ። ደገሙት፤ አሁንም ነጠረ። ፕሬዚዳንቱ ኮታቸውን አውልቀው እንደገና ሰነዘሩ፤ አፈሩ ሲነሳ ሕዝቡ በጩኸትና በጭብጨባ ተቀበላቸው። በዚያው ዕለት፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባልቲሞር፣ የነጻነት አዋጁን ከፈረሙት ሰዎች መካከል በሕይወት የቀሩት የ90 ዓመቱ ቻርልስ ካሮል የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡርን የመጀመሪያ ድንጋይ አኖሩ። የሁለቱም ኩባንያዎች ምኞት አንድ ነበር፤ ተራሮቹን አልፎ የኦሃዮን ወንዝ መድረስ።

ባቡሩ ቀደመ። ከተራራው ሥር ያለችውን ከምበርላንድን በ1842 ያዛት፤ ቦዩ 297 ኪሎ ሜትር ተቆፍሮ እዚያው ሲደርስ 1850 ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲያም አልዘለቀም። በበቅሎ የሚጎተቱት ጀልባዎች በ1924 ጎርፍ ቦዩን ሲያፈርስባቸው ቆሙ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቤተስዳ በኩል ወደ ጆርጅታውን ይወርድ የነበረው የባቡሩ ቅርንጫፍ ደግሞ በ1910 ተጠናቅቆ በ1985 አገልግሎቱን አበቃ። ዛሬ ሁለቱ ባላንጣዎች ከጆርጅታውን በላይ ባለው የወንዙ ዳርቻ ጎን ለጎን ተጋድመው ይገኛሉ፤ በሁለቱም ላይ ብስክሌት ይሄዳል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት ሰፈሮች ቀኑን ሙሉ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ለእሱ ተብሎ በታሰበ መንገድ ላይ እምብዛም አይሄድም። የሚሄደው እንደ ርስት በወረደለት ነገር ላይ ነው፤ ባቡር በተወው ሐዲድ፣ በቅሎ በረገጠው የቦይ ዳር፣ ጎርፍ ስለሚያሰጋው ቤት ባልተሠራበት የጅረት ዳርቻ። ውርስ የማይገኝለት ድልድይ ብቻ ነው። ወንዝ ላይ ማንም ትቶት የሄደ መንገድ የለም። ከድልድይ ጠርዝ ሁለት ሦስት ሜትር ለማግኘት መሟገት ያስፈልጋል፤ ሙግቱም፣ እንደምናየው፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊጠጋ ይችላል።

የምንሄድበት ዙር ከሲልቨር ስፕሪንግ ይነሳል። በምዕራብ በኩል ወደ ቤተስዳ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ጆርጅታውን፤ ፖቶማክን ተሻግሮ በቨርጂኒያ ዳርቻ እስከ አሌክሳንድሪያ፤ በዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ወደ ሜሪላንድ ተመልሶ፣ የአናኮስቲያን ወንዝ ይዞ ወደ ሰሜን፣ በጅረት ዳር አድርጎ ወደ ቤት። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሠለጠነ ጋላቢ በአራት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ እንደ እኔ እያየና እየበላ የሚሄድ ሰው ግን ጧት ወጥቶ ማታ ይገባል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሁለቱን ጫፎች፣ ሲልቨር ስፕሪንግንና አሌክሳንድሪያን፣ አብጠርጥረው ያውቋቸዋል። አንዱ ጋ ቤት ካለ ሌላው ጋ ሰርግ ወይም ለቅሶ አይጠፋምና። የሚያውቁት ግን በቤልትዌይ ነው፤ በ1964 በተጠናቀቀው፣ ከተማዋን በ103 ኪሎ ሜትር በሚከባት አውራ ጎዳና። በቤልትዌይ የሚሄድ ሰው ወንዝ መሻገሩ ትዝ የሚለው ድልድዩ ላይ መኪና ሲቆምበት ነው።

ሐዲድ ለብስክሌት ለምን እንደሚመች ለማየት ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የብረት ጎማ በብረት ላይ ስለሚንሸራተት ባቡር ዳገት አይወድም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጉብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን ሞልተው፣ አስፈላጊ ሲሆን ዋሻ ፈልፍለው መስመሩን እያለሳለሱ አወረዱት። ቤተስዳ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የጆርጅታውን ወደብ ደግሞ ከባሕር ወለል ብዙም አይርቅም። በመካከላቸው ያለው መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ነውና በየመቶ ሜትሩ የሚወርደው አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንዲህ ያለውን ዳገት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ለመሄድ፣ በሜዳ ከሚያወጣው ጉልበት ላይ 35 ዋት ያህል ቢጨምር ይበቃዋል። ኮረብታውን በቀጥታ በሚቆርጥ የመኪና መንገድ፣ በመቶው ስምንት በሚነሳ ዳገት ላይ ግን፣ ጭማሪው 280 ዋት ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል ጉልበት ልምድ የሌለው ሰው ለጥቂት ደቂቃ ካልሆነ አይችለውም። የባቡር መሐንዲስ የሰው ሳንባ ያሳስበው አልነበረም፤ ሆኖም ለሳንባ ከእሱ የተሻለ ያሰበ የመንገድ ሠሪ አላውቅም።

በ1983 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ኩባንያ የተወው ሐዲድ ወደፊት ባቡር እስኪያስፈልግ ድረስ ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲውል ይፈቅዳል። መሬቱ ተቆራርሶ ሳይሸጥ ይቆያል ማለት ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ የዚያን የጆርጅታውን ቅርንጫፍ የሜሪላንድ ክፍል በ1988 የገዛው በዚሁ ነው። «እስኪያስፈልግ ድረስ» የሚለው ቃል ግን ለጌጥ አልገባም። በ2017 ባለርስቱ ተመለሰ፤ ከቤተስዳ በሲልቨር ስፕሪንግና በላንግሊ ፓርክ በኩል ወደ ኒው ካሮልተን የሚሄደው ፐርፕል ላይን የተባለው የከተማ ባቡር ግንባታ ተጀመረና ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቤተስዳ ያለው የብስክሌት መንገድ ተዘጋ። ሐዲዱ ሲያልቅ ከጎኑ ይመለሳል ተብሏል፤ ሥራው ግን ከታሰበለት ጊዜ በዓመታት ዘግይቷል። ብስክሌተኞች ሲያማርሩ እሰማለሁ። እኔ ግን ላንግሊ ፓርክ ከንጋት በፊት አውቶቡስ የሚጠብቁትን ሠራተኞች ሳስብ ቅሬታዬን እውጣለሁ። ያንን ክፍል በሰፈር ውስጥ መንገድ ዞሮ ማለፍ ይቻላል፤ ዛፉ ብዙ፣ ዳገቱም አይጠፋም።

ወደ ጆርጅታውን ሲወረድ ቦዩ በግራም በቀኝም ብቅ ይላል። ይህም ቢሆን ለጥቂት ተርፏል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በቦዩ ላይ የመኪና መንገድ ለመሥራት ታቅዶ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በርዕሰ አንቀጹ ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ «መጀመሪያ አብረን በእግር እንየው» ሲሉ አዘጋጆቹን ጋበዙ። ማርች 1954 ከከምበርላንድ ተነስተው መጡ፤ ከአጀቧቸው ሰዎች መካከል ሙሉውን መንገድ በእግራቸው የጨረሱት ጥቂቶች ናቸው። ጋዜጣው አቋሙን አለዘበ፤ ቦዩ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

እግረ መንገዳችንን ከተማይቱ ለምን እዚህ እንደተቀመጠች እናያለን። ፖቶማክ ከምዕራብ ሲመጣ በጠንካራ አለት ላይ እየተንደረደረ ነው። ሊትል ፎልስ ከተባለው ፏፏቴ በታች አለቱ ያልቅና ለስላሳው የባሕር ዳር ሜዳ ይጀምራል፤ ወንዙ ይሰፋል፣ ይረጋል፣ ከውቅያኖሱ ሙላትና ጉድለት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። መርከብ ሊዘልቅ የሚችለው እስከዚያ ብቻ ስለሆነ ጆርጅታውን ወደብ ሆነች። ወንዝ የሚሻገር ደግሞ ጠባብና አለታማ ቦታ ይፈልጋልና የፖቶማክ የመጀመሪያው ድልድይ በ1797 ፏፏቴው አጠገብ ተሠራ። ሁለት ጊዜ ፈርሶ በ1808 በሰንሰለት የተንጠለጠለ ድልድይ ቆመ። ዛሬ በቦታው ያለው በ1939 የተከፈተው ቼይን ብሪጅ ነው። ከዚያ ሽቅብ፣ ቤልትዌይን የሚያሻግረው የአሜሪካን ሊጅን ድልድይ በ1962 ሲከፈት ለመኪና ብቻ ነበር፤ አሁንም ለመኪና ብቻ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሳ ብስክሌተኛ ቨርጂኒያን ለመርገጥ የግድ እስከ ቼይን ብሪጅ ወይም እስከ ጆርጅታውን መውረድ አለበት። የዙራችንን ቅርጽ የወሰነው የእኔ ምርጫ ሳይሆን ይህ የጎደለ ጠርዝ ነው።

ጆርጅታውን ላይ በ1923 የተከፈተው የኪ ድልድይ አለ። በ2024 መርከብ ገጭቶት የወደቀው የባልቲሞሩ ድልድይም በዚሁ ሰው፣ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጻፈው በፍራንሲስ ስኮት ኪ፣ የተሰየመ ስለነበር ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። የእኛው የሲሚንቶ ቅስቶቹን ደርድሮ በሰላም ቆሟል። በጎኑ ያለው የእግረኛ መንገድ ለብስክሌትም ይውላል፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን ሰብሰብ ማድረግ ይኖርበታል። ነፋስ ምን ማለት እንደሆነም እዚህ ይታወቃል። ውሃ እንደ ዛፍና እንደ ቤት ነፋስን አይገታም፤ ድልድይ ደግሞ ከፍታ ይጨምርበታል። ነፋስ በሌለበት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 80 ዋት ገደማ ያወጣል። ፊት ለፊት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲገጥመው አየሩ የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናልና ያንኑ ፍጥነት ለመያዝ ከ230 ዋት በላይ ይጠየቃል። ማርሽ አቅልሎ፣ ደረትን ወደ መሪው ዝቅ አድርጎ፣ ፍጥነትን መርሳት ነው። ከድልድዩ ወዲያ ሮዝሊን ላይ የሚጠብቀው መስቀለኛ መንገድ በብስክሌተኞች ዘንድ የጥፋት መስቀለኛ የሚል ስም ወጥቶለታል፤ አረንጓዴ መብራት በርቶላቸው የሚሻገሩትን የሚታጠፉ መኪኖች ይገቡባቸዋል። መብራቱን ሳይሆን የሾፌሩን ዓይን ማየት ይሻላል።

ከሮዝሊን ሥር የሚጀምረው የማውንት ቨርነን መንገድ 29 ኪሎ ሜትር ሆኖ ወንዙን ይዞ እስከ ጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ይወርዳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጠረገ በመሆኑ ጠባብ ነው፤ ረግረጉን የሚያሻግሩት የእንጨት ድልድዮች ዝናብ ከነካቸው እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። እንጨት ላይ ፍሬን አይያዝም፣ መሪም አይጠመዘዝም፤ ፍጥነትን መቀነስ ከመግባት በፊት ነው። የ14ኛው ጎዳና ድልድዮች ሥር ሲታለፍ ጃንዋሪ 13 ቀን 1982 እዚህ የሆነውን ማስታወስ ግድ ነው። ኤር ፍሎሪዳ 90 የተባለው አውሮፕላን በበረዶ ቀን ተነስቶ መውጣት አቃተውና ድልድዩን መትቶ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ 78 ሰዎች ሞቱ። ሊያድን የመጣውን ሄሊኮፕተር ገመድ ከውሃው ውስጥ ሆነው እየደጋገሙ ለሌሎች ባሳለፉትና በመጨረሻ ራሳቸው በሰመጡት በአርላንድ ዊልያምስ ስም ዛሬ ከድልድዮቹ አንዱ ይጠራል። በዚሁ አካባቢ በ2024 ሥራው የተጀመረ አዲስ የባቡር ድልድይ አለ፤ ከጎኑም ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የሚሆን ራሱን የቻለ ድልድይ በዕቅዱ ገብቷል። ሙግቱ ፍሬ ማፍራቱን ከዚህ ማየት ይቻላል። ትንሽ ዝቅ ሲል ግራቭሊ ፖይንት ነው፤ አውሮፕላኖቹ ራስ ሊነኩ የደረሱ ይመስል እያለፉ ማረፊያው ላይ ይቀመጣሉ፤ ቤተሰብ ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ልጆቹን ያሳያል።

አሌክሳንድሪያ ላይ ቢራብም ባይራብም መብላት ነው። ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ስኳር ከ2,000 ካሎሪ ብዙም አይበልጥም፤ መካከለኛ ጉዞ ደግሞ በሰዓት 400 ወይም 500 ይበላል። ክምችቱ ሲያልቅ ድካም ቀስ ብሎ አይመጣም፤ እግር በድንገት ባዶ ይሆናል፣ ራስ ይዞራል፣ ሰው ያለ ምክንያት ይነጫነጫል። የብስክሌት ሱቆች ለዚህ ብለው በትንንሽ ከረጢት የሚሸጡት ዝልግልግ ነገር አለ። እኔ በማር የተበጠበጠ በሶ በጠርሙስ እይዛለሁ። የተቆላ ገብስ ሆድ ላይ አይከብድም፣ ማሩ ቶሎ ይደርሳል፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ጨው ቆንጠር አድርጎ መጨመር ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ድልድይ ደርሰናል። የመጀመሪያው የዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ዲሴምበር 28 ቀን 1961 ተከፈተ፤ ቀኑ የፕሬዚዳንት ዊልሰን 105ኛ የልደት ቀን ተብሎ ተመርጦ ነበር። የክብር እንግዳ ይሆናሉ የተባሉት ባለቤታቸው ኢዲት ዊልሰን በዚያው ዕለት አረፉ። ድልድዩ በቀን 75,000 መኪና እንዲያሳልፍ ታስቦ የተሠራ ሲሆን በ1990ዎቹ መጨረሻ 200,000 የሚጠጋ ይጫንበት ነበር። ስምንት ረድፍ የነበረው ቤልትዌይ እዚህ ሲደርስ ስድስት ይሆን ነበር። በዚያ ላይ ድልድዩ ለመርከብ የሚከፈት ነበር፤ አንድ መርከብ ለማሳለፍ መኪናው ሁሉ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ለብስክሌት ግን ምንም መንገድ አልነበረውም። አሌክሳንድሪያ ቆሞ የሜሪላንድን ዳርቻ በዓይኑ የሚያይ ብስክሌተኛ ለመሻገር እስከ 14ኛው ጎዳና ድልድይ ወደ ሰሜን መመለስ ነበረበት።

የሚገርመው ዊልሰን ራሳቸው ብርቱ ብስክሌተኛ መሆናቸው ነው። ፕሬዚዳንት ሳይሆኑ፣ የኮሌጅ መምህር በነበሩበት ዘመን፣ በበጋ እንግሊዝ አገር እየሄዱ የሐይቆቹን አውራጃ በብስክሌት ይዞሩ ነበር። በስማቸው የተሠራውን ድልድይ ግን በብስክሌት ማንም ሊሻገረው አይችልም ነበር።

አሮጌው ድልድይ አርጅቶ ሲተካ በ1972 የተመሠረተው የዋሽንግተን አካባቢ ብስክሌተኞች ማኅበርና ሌሎችም ሙግታቸውን ይዘው ቀረቡ። ዕድሉ እንዲህ ባለ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው፤ የቆመ ድልድይን ማስፋት እጅግ ውድ ነው፣ በወረቀት ላይ ያለን ድልድይ በሦስት ሜትር ማስፋት ግን ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። አዲሶቹ ሁለት ድልድዮች በ2006 እና በ2008 ተከፈቱ፤ በሰሜን ጠርዝ ላይ ያለው 3.6 ሜትር ስፋት ያለው የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ደግሞ በ2009። ድልድዩ ከውሃው ያለው ከፍታ ከ15 ሜትር ወደ 21 ሜትር ስላደገ እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ አይከፈትም። በላዩ ሲሄዱ የመኪናው ጩኸት አጠገብ ነው፤ ግድግዳው የሚረጨውን ውሃና ጠጠር ይከላከላል እንጂ ድምፁን አይመልስም። በየመሃሉ ወንዙን ለማየት ወጣ ያሉ ማረፊያዎች አሉ። የድልድዩ መሃል ትንሽ ክፍል የዋሽንግተን ግዛት ነውና ሰው ሁለት ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሦስት አስተዳደሮችን ይረግጣል።

ከድልድዩ ማዶ ካለው ከናሽናል ሃርበር እስከ አናኮስቲያ ያለው ክፍል የዙሩ ደካማ ቦታ ነው። የሚያወርስ ሐዲድም ቦይም አልነበረምና መንገዱ ይቆራረጣል፣ ዳገቱ ቀጥ ይላል፣ መኪና ይጋፋል። ፈጥኖ ማለፍ ነው።

አናኮስቲያ ሲደርሱ በኮረብታው ላይ የፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት አለ። በባርነት ተወልዶ የዘመኑ ታላቅ ተናጋሪ የሆነው ዳግላስ በ1877 ይህንን ቤት ሲገዛ፣ በሥሩ ያለው ሰፈር ለጥቁሮች መሬት እንዳይሸጥ በውል ተከልክሎ የተመሠረተ ነበር። እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1895፣ እዚያው ኖረ። በስሙ የተሰየመው ባለ ሦስት ቅስት አዲስ ድልድይ በ2021 ተከፍቷል፤ በሁለቱም ጎን ለብስክሌት ሰፊ ቦታ አለው። በዚህ ዙር ከምናያቸው ድልድዮች ሁሉ ምርጡ ይኸው ይመስለኛል። ችግሩ ድልድዩ ላይ ሳይሆን ከሰፈሩ ወደ ወንዙ ለመድረስ መሻገር ያለበት አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ ጎዳናው ሰዎቹንና ወንዛቸውን ለያይቷቸዋል።

ጥቂት ከፍ ብሎ የ11ኛው ጎዳና ድልድዮች ይገኛሉ። በ1865 በዚህ አካባቢ የነበረው ድልድይ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይዘጋ ነበር። ኤፕሪል 14 ሌሊት አንድ ፈረሰኛ መጥቶ እንዲያሳልፉት ጠየቀ፤ ስሙን ሲጠይቁት ቡዝ አለ፣ እውነተኛ ስሙን። ዘበኛው አሳለፈው። ሊንከንን ተኩሶ መምጣቱ ነበር።

ወንዙን ይዞ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ በ2016 ተያይዞ እስከ ብላደንስበርግ ይዘልቃል፤ ሜዳ ነው፣ ሸምበቆ ነው፣ ሽመላ ነው። ብላደንስበርግ የትንባሆ መርከብ የሚጫንባት ወደብ ነበረች፤ ለእርሻ ከተመነጠረው መሬት የታጠበው ደለል ወንዙን ሞላውና መርከቡ ቀረ። ኦገስት 24 ቀን 1814 የእንግሊዝ ጦር ወደ ዋሽንግተን የገባው በዚህ ነው። አሜሪካውያን ታች ያሉትን ድልድዮች ሲያጠፉ የብላደንስበርጉን ሳያፈርሱ ቀሩ፤ ጠላት በተኩስ ውስጥ ተሻገረው፣ የዚያኑ ምሽትም የምክር ቤቱና የፕሬዚዳንቱ ቤት ተቃጠለ። ጧት የተሻገርነው ድልድይ በስሙ የተሰየመለት ፍራንሲስ ስኮት ኪ በዚያ ሽንፈት መሃል ነበር፤ መዝሙሩን የጻፈው ከሦስት ሳምንት በኋላ ባልቲሞር ላይ ነው።

ከዚህ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ 100 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይቀራል፤ እግር ደግሞ ሊያልቅ ደርሷል። ደግነቱ ጅረት እንደ ባቡር ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ በኖርዝዌስት ብራንች በኩል ወደ ስላይጎ ጅረት የሚገባው መንገድም ሳይታወቅ ነው የሚያወጣው። ቅዳሜና እሑድ ከጅረቱ ጎን ያለው የመኪና መንገድ በከፊል ስለሚዘጋ ሕፃናት ባለ ሦስት ጎማቸውን ይዘው መሃሉን ይይዙታል። ዋናው ዳገት የሚመጣው ከጅረቱ ወጥቶ ወደ ከተማው ሲታጠፉ ነው፤ አጭር ነው፣ ግን በቀጥታ ኮረብታውን የቆረጠ የመኪና መንገድ ነው። ወርዶ መግፋት አያሳፍርም።

ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን አንዱ ጋ ሄልሜት በእጅ ይዞ መግባት ነው። እማማ ከካሸሩ ጀርባ ሆነው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ መኪናህን ሰረቁህ እንዴ?»

«ኧረ የለም እማማ፣ አሌክሳንድሪያ ደርሼ መምጣቴ ነው።»

በመስኮቱ ብስክሌቱን አዩት፤ መልሰው እኔን አዩኝ።

«ቤልትዌዩ ተዘግቶ ነው?»